ስቴም ሴልን በብዛት አቀዝቅዞ ማስቀመጥ፦ ከመጀመሪያዋ ብልቃጥ እስከ መጨረሻዋ

ቤተ ሙከራ (ላብ) ውስጥ አሥር ብልቃጥ ስቴም ሴል፣ ማለትም እየተራባ ሌላ ዓይነት ሴል መሆን የሚችል ሴል፣ ማቀዝቀዝ ቀላል ነው። ሴሉን ዲኤምኤስኦ (ሴልን ከበረዶ የሚጠብቅ ኬሚካል) ካለበት ፈሳሽ ጋር ትቀላቅላላችሁ። ብልቃጥ ውስጥ ታደርጉታላችሁ። አልኮል በተሞላች የፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ −80 ፍሪዘር ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። በነጋታው ወደ ናይትሮጅን ታንክ ታዛውሩታላችሁ። አለቀ።

ጣጣው የሚመጣው አሥሩ ብልቃጥ 160 ሲሆን ነው። ያውም ለታማሚ በደም ሥር የሚሰጥ። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ተሞልታ ስትጠብቅ የመጨረሻዋ ገና ባዶ ናት። ሁለቱም ግን አንድ ስምና አንድ የባች (በአንድ ጊዜ አብሮ የተመረተ ምርት) ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ሥራው እንግዲህ ሁለቱ እኩል ደኅና ሆነው እንዲቀልጡ ማድረግ ነው። የሚቀጥለውን ስታነቡ ያቺን የመጨረሻዋን ብልቃጥ በልባችሁ ያዟት።

ምሳሌ የማደርገው ሜዘንካይማል የሚባለውን ስቴም ሴል ነው። ከአጥንት መቅኒ፣ ከስብ ወይም ከእትብት የሚወጣው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ዓይነት ሴል የተሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት ራዮንሲል ሲሆን የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው በታኅሣሥ 2024 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው የተተከለው ሴል ሰውነታቸውን ለሚያጠቃቸውና ስቴሮይድ አልሠራ ላላቸው ሕፃናት የሚሰጥ ነው። ሆስፒታል የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነው።

ለምን ይቀዘቅዛል?

ሳይቀዘቅዝ የሚላክም ነበር። አሎፊሴል የሚባለው የአውሮፓ መድኃኒት ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ዕድሜው በሰዓት ነበር የሚቆጠረው። አውሮፕላን ዘገየ፣ ሐኪሙ ታመመ፣ በቃ፣ ተጣለ። (ከገበያ የወጣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ትልቁ ጥናት የሚፈለገውን ውጤት ስላላሳየ።) ሌላም አለ። መደበኛው የጀርም ምርመራ 14 ቀን ይፈጃል። ያልቀዘቀዘ ሴል ያን ያህል አይጠብቅም። የቀዘቀዘ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ታንኩ ውስጥ ይተኛል። እኔ ብጠየቅ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው እላለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሴሉን ከባዮሪአክተር (ሴል በብዛት ከሚራባበት ዕቃ) ከማውጣታችሁ በፊት ስሌቱ ያለቀ መሆን አለበት።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ባዮሪአክተሩ 20 ቢሊዮን ሴል ሰጠን እንበል። ሴሉን ከተጣበቀባቸው ጥቃቅን እንክብሎች ስናላቅቅ፣ ስናጥብና ስናከማች 20 በመቶ ብናጣ 16 ቢሊዮን ይቀራል። በአንድ ብልቃጥ 100 ሚሊዮን ሴል በ5 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ከፈለግን 160 ብልቃጥ ይወጣል። ጠቅላላው ፈሳሽ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ከ160ው ላይ ለምርመራና ለመጠባበቂያ የሚቀመጠውን ቀንሱ። ለታማሚ የሚደርሰው ምናልባት 140 ነው። ብዙ ጀማሪ ይህችን ቅነሳ ይረሳና በኋላ ፀጉሩን ይነጫል።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። አንድ ሰው በእጁ በደቂቃ አራት ብልቃጥ ቢሞላ 160ው 40 ደቂቃ ይወስዳል። ለመቀላቀል 10፣ ለማየትና መለያ ለመለጠፍ 15፣ ማሽኑ ውስጥ ለመደርደር 10 ጨምሩ። 75 ደቂቃ ሆነ። ፕሮቶኮላችሁ ሴሉ ከዲኤምኤስኦ ጋር ሳይቀዘቅዝ የሚቆይበትን ጊዜ በ60 ደቂቃ ከገደበ ገና ሳትጀምሩ ወድቃችኋል። በደቂቃ 15 የሚሞላ ማሽን ካለ ሙሌቱ ወደ 11 ደቂቃ ይወርዳል፣ ጠቅላላው 46 ይሆናል። ማሽን ከሌለ ባቹን ለሁለት ክፈሉት። ዲኤምኤስኦውን ለሁለተኛው ግማሽ የምትጨምሩት የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ የሴሉን ዕድሜ ማወቅ

ታማሚው ጋ የሚደርሰው ሴል የሚቀዘቅዘው አንዴ ብቻ አይደለም። ከለጋሹ የተወሰደው ትንሽ ተራብቶ ዋናው ባንክ (የሴል ክምችት) ሆኖ ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንዷ ብልቃጥ ቀልጣ ተራብታ የሥራ ባንክ ትሆናለች። ከሥራ ባንኩ ደግሞ ምርቱ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ሜዘንካይማል ሴል በተራባ ቁጥር ያረጃል፤ እንደ እርሾ ዝም ብሎ አይቀጥልም። ስለዚህ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመዝገብ።

የምትሰበስቡት ሴል በደንብ እያደገ ባለበት ጊዜ ላይ ይሁን። ሳህኑን ሞልቶ ተጨናንቆ የሰነበተ ሴል ሲቀልጥ ያስታውቃል። ሁለቱን ባንኮች በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ከፍላችሁ አስቀምጡ። ምክንያቱን ታንኩ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 3፦ ፈሳሹ

የተለመደው ቀመር 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ፣ የሰው አልቡሚን (ከደም የሚገኝ ፕሮቲን)፣ የቀረው ደግሞ እንደ ፕላዝማላይት ያለ ለደም የሚስማማ ፈሳሽ ነው። እንደ ክሪዮስቶር ያሉ ተዘጋጅተው የሚሸጡም አሉ። ይወደዳሉ፣ ግን ወረቀታቸው የተሟላ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ወረቀት ገንዘብ ነው። የበሬ ሴረም (ከከብት ደም የሚወጣ ፈሳሽ) ለምርምር ይቅር።

ዲኤምኤስኦ ሦስት አመሎች አሉት። አንደኛ፣ ገና በ18.5 ዲግሪ ይረጋል። ቀዝቃዛ ክፍል ያሳደራችሁት ጠርሙስ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ፣ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይሞቃል። ስለዚህ በቀጥታ ሴሉ ላይ አታፍስሱት። በፊት ከፈሳሹ ጋር ቀላቅሉት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ተጠቀሙ። ሦስተኛ፣ ሴሉን ከበረዶ የሚያድነው እሱ ራሱ ሙቀት ላይ ሲቆይ ሴሉን ይጎዳል። መድኃኒቱም መርዙም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

በምሳሌያችን 400 ሚሊ ሊትር ሴል በ40 ሚሊዮን ክምችት አለን። በላዩ ላይ 20 በመቶ ዲኤምኤስኦ ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ 400 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። አንድ ላይ 10 በመቶና 20 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ በቀስታ፣ ከረጢቱን እያወዛወዛችሁ ጨምሩ። ቸኩላችሁ ከደፋችሁት ውኃው ከሴሉ በአንዴ ወጥቶ ሴሉ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ የሚሰበር አለ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ ሰዓቱን ጫኑ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሰዓቱን ይናገር፣ ሌላው ይጻፍ።

ስለ መጠኑ የሚጨነቅ ካለ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ዲኤምኤስኦ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለታማሚ የሚፈቀደው ጣራ በተለምዶ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ነው። ታማሚው ግን ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ነርሶቹ ያውቁታል፤ ቤተሰብ ካልተነገረው ይደነግጣል።

ደረጃ 4፦ ሙሌትና መለያ

ሴል ከባድ ነው። ከረጢቱን ሰቅላችሁ ከተዋችሁት ወደ ታች ይዘቅጣል። ከሥር ስትቀዱ የመጀመሪያዎቹ ብልቃጦች ወፍራም፣ የመጨረሻዎቹ ቀጭን ይደርሳቸዋል። ልክ ድስቱን ሳታማስሉ ወጥ እንደመጨለፍ ነው። ከረጢቱ ሙሌቱ እስኪያልቅ ቀስ ብሎ ይወዛወዝ፤ ከሥሩም ቀዝቃዛ ሳህን ይኑር።

ብልቃጥ ወይስ ከረጢት? ለትንሽ መጠን ብልቃጥ ይሻላል። ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ከረጢት ይመረጣል፤ በብረት ካሴት ውስጥ ተጨፍልቆ ስለሚቀዘቅዝ ቅዝቃዜው ለሁሉም ቦታ እኩል ይደርሳል። ከረጢት ግን በዚያ ቅዝቃዜ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ ከረጢት ሲቀልጥ ነው ጉዱ የሚታየው። የክር ክዳን ያለው ተራ የላብ ብልቃጥ ለመድኃኒት አይሆንም። የሚመረጠው ተዘግቶ የሚመጣ፣ በመርፌ የሚሞላና ቀዳዳው በሙቀት የሚታሸግ ነው።

መለያው ከሙሌቱ በፊት ይለጠፍ። እርጥብና ቀዝቃዛ ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ናይትሮጅን ውስጥ ይላቀቃል። መለያ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ሙያ ራሱ የተወለደው በመለያ ስህተት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ተመራማሪው ክሪስ ፖልጅና ባልደረቦቹ የአውራ ዶሮ ዘር በስኳር ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ አልሆን ይላቸዋል። አንድ ቀን ግን ሆነ። ጠርሙሱን ሲመረምሩት ስኳር አልነበረበትም፤ ግሊሰሮልና አልቡሚን ነበረበት። መለያው ተሳስቶ ነው። ግኝቱ በ1949 ታተመ። ዲኤምኤስኦ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1959 ነው። እነሱን የረዳቸው ስህተት እናንተን አይረዳችሁም፤ ስለዚህ ባርኮዱን ሁለት ሰው ይቃኘው።

ደረጃ 5፦ ማቀዝቀዙ

ተመራማሪው ፒተር ማዙር በ1972 ነገሩን ግልጽ አደረገው። በጣም ፈጥኖ የቀዘቀዘ ሴል ውኃው ሳይወጣለት ውስጡ በረዶ ሠርቶ ይፈነዳል። በጣም ዘግይቶ የቀዘቀዘ ደግሞ በዙሪያው የሚከማቸው ጨው ያቃጥለዋል። መሐል ላይ የሚመች ፍጥነት አለ። ለብዙዎቹ የሰው ሴሎች በደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ ነው።

አልኮል ያለባት የፕላስቲክ ዕቃ ይህንን በግምት ትሰጣለች። ለፋብሪካ ግን አትበቃም፤ የሙቀቱን መዝገብ አትሰጣችሁም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ናይትሮጅን እየረጨ ፕሮግራሙን ተከትሎ ይወርዳል። የተለመደ መነሻ ፕሮግራም ይህን ይመስላል፦

በ4 ዲግሪ ሁሉም ብልቃጥ እኩል እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀነሰ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። እዚህ ላይ ክፍሉ (የማሽኑ ሆድ) በድንገት ወደ −50 ገደማ ወርዶ መልሶ ወደ −15 ይወጣል። ከዚያ በደቂቃ 1 ዲግሪ እስከ −40፤ በመጨረሻም በደቂቃ 10 ዲግሪ እስከ −100።

ያ ድንገተኛ መውረድ ለምንድን ነው? ውኃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። ስክሪኑ ላይ የብልቃጡን ሙቀት የሚያሳየው መስመር እየወረደ እየወረደ ሄዶ −8 ወይም −10 ላይ በድንገት ሽቅብ ይዘላል። ያቺ ጉብታ በረዶ የተወለደበት ቅጽበት ናት። ማሽኑ ያን ሙቀት ቶሎ ካልወሰደው ብልቃጡ እዚያው ላይ ይንቀረፈፋል፣ በኋላ ደግሞ ክፍሉን ለመድረስ ተንደርድሮ ይወርዳል። ድንገቴው ቅዝቃዜ በረዶው በሁሉም ብልቃጥ ውስጥ በተቀራራቢ ጊዜ እንዲጀምር ያስገድዳል። እኔ አዲስ ሰው ሳሠለጥን መጀመሪያ የማሳየው ይህችን ጉብታ ነው። ትንሽና አጭር ከሆነች ጥሩ ነው። ረጅም ደረጃ ከሠራች ፕሮግራሙ ይስተካከል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የሙቀት መለኪያው ሽቦ የሚገባበት ብልቃጥ ሴል አይኖርበትም፤ ግን ያው ፈሳሽ፣ ያው መጠን ይኑርበት። ደግሞም ለ160 ብልቃጥ የተፈተነ ፕሮግራም ለ40 አይሠራም። ማሽኑ ግማሽ ከሆነ ቀሪውን ቦታ ሴል በሌላቸው ብልቃጦች ሙሉት። አየሩ በመሐልና በጥግ እኩል አይደርስም፤ የትኛው ጥግ እንደሚዘገይ ከምርቱ በፊት በሙከራ እወቁት።

ደረጃ 6፦ ታንኩ

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ብልቃጡ −100 ላይ ነው። ይህ ለማስቀመጥ አይበቃም። ከ−135 ገደማ በታች የቀረው ፈሳሽ እንደ መስታወት ይደርቃል፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ከዚያ በላይ ግን ጥቃቅን በረዶዎች እየተዋሃዱ ያድጋሉ። ስለዚህ −80 ፍሪዘር ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ደረቅ በረዶም (የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) −78.5 ነው፤ ለማጓጓዝ እንኳ አይመከርም።

ፈሳሽ ናይትሮጅን −196 ላይ ይፈላል። በአገራችን ገጠር አዳቃይ ባለሙያው ከቃሊቲው የከብት ማዳቀያ ማዕከል የወጣውን የኮርማ ዘር ይዞ የሚዞርበት ታንክ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ዘሩ የሚቀመጠው ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ነው። ለታማሚ የሚሰጥ ሴል ግን ከፈሳሹ በላይ፣ ጢሱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ምክንያቱ የሆነ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ታንክ ውስጥ አንድ ከረጢት አፈሰሰ። ሄፓታይተስ ቢ በፈሳሹ አማካይነት ወደ ሌሎች ታማሚዎች ሴል ተላለፈ። በ1995 ሲታተም ሙያው ልማዱን ቀየረ። ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ብልቃጥ ደግሞ ናይትሮጅን ከገባበት ሲወጣ ሊፈነዳ ይችላል፤ የፊት መከላከያ የምናደርገው ለዚህ ነው።

ብዙ ምርት የሚበላሸው በመቆየቱ ሳይሆን በመውጣትና በመግባቱ ነው። አንዷን ብልቃጥ ፍለጋ መደርደሪያውን ሙሉ ብድግ ካደረጋችሁት፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሙቀት ያገኛቸዋል። ትንሽ ብልቃጥ በክፍል ሙቀት ከ−135 በላይ ለመውጣት ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም። በዓይን ደግሞ አይታይም፤ እንደ ድንጋይ ናት፣ ነጭ ውርጭ ለብሳለች፣ ደኅና ትመስላለች። ስለዚህ ቦታዋን ከካርታ ላይ አንብባችሁ ሂዱ። የናይትሮጅን ጢስ ያለበት ጋሪ ታንኩ አጠገብ ይቁም። መደርደሪያው በወጣ ቁጥር ሰከንዱ ይመዝገብ።

አሁን ሁለት ሕንፃ ያልኩበት ምክንያት። መጋቢት 4 ቀን 2018 (ይህም በፈረንጅ ነው) አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድና በሳንፍራንሲስኮ ሁለት የወሊድ ሕክምና ማዕከላት በአንድ ቀን ታንክ ተበላሸባቸው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ክሊቭላንድ ብቻ ከ4,000 በላይ እንቁላልና ፅንስ ጠፋ። እዚያ የርቀት አላርሙ ጠፍቶ ነበር። ታንክ ይበላሻል። ስለዚህ የፈሳሹን ከፍታ የሚለካና ሙቀቱን የሚለካ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ይኑሩ። አላርሙ በወር አንዴ እውነት ስልክ እንደሚደውል ይሞከር፤ ያውም በእኩለ ሌሊት። ባዶና ቀዝቃዛ መጠባበቂያ ታንክም ይኑር። እሱን ለመግዛት አለቆችን ማሳመን ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ ሰውም እንነጋገር። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ሽታ የለውም፣ አያሳልም። ኦክስጅን ሲቀንስ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፤ ሊያነሣው የገባውም አጠገቡ ይወድቃል። የኦክስጅን መለኪያ ሳይኖር ታንክ ክፍል አትግቡ። ናይትሮጅን በሊፍት ሲሄድ እቃው ብቻውን ይሂድ፣ እናንተ በደረጃ።

ደረጃ 7፦ ማጓጓዝና ማቅለጥ

ለጉዞ ደረቅ ማጓጓዣ የሚባለው ዕቃ አለ። ውስጡ ናይትሮጅን የጠጣ ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ ስለማይፈስ አውሮፕላን ይቀበለዋል። ዋናው ነገር ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ከተጋደመ ናይትሮጅኑ በፍጥነት ያልቃል። ሙቀት መዝጋቢ ከውስጡ ይግባ፣ ሆስፒታሉም መዝገቡን ሳያይ አይረከብ።

ማቀዝቀዙ በቀስታ ነው ያልነውን ያህል ማቅለጡ በፍጥነት ነው። 37 ዲግሪ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል በረዶ እስክትቀር። ያኔ አውጡት፤ የቀረችው በእጃችሁ ትሟሟለች። የውኃ ገንዳ ጀርም ያራባል፤ ለታማሚ ውኃ የሌለው ማቅለጫ ይሻላል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አቅጥኑ፤ አሁን ደግሞ ውኃው ተመልሶ እየገባ ነው፣ ሴሉ ያብጣል።

ባቹ ሲመረመር ከየትም ቦታ ብልቃጥ አትውሰዱ። ከመጀመሪያዎቹ፣ ከመሐሎቹና ከመጨረሻዎቹ ውሰዱ። በሕይወት ያለው ሴል ብዙ ጊዜ ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆን ይጠበቃል። ማንነቱ ሲዲ73፣ ሲዲ90 እና ሲዲ105 በሚባሉት ምልክቶች ይረጋገጣል። ጀርም፣ ማይኮፕላዝማ (ጥቃቅን ባክቴሪያ) እና ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) አለመኖሩ ይታያል። ሴሉ መሥራት ያለበትን ሥራ መሥራቱም ይፈተናል፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው።

አንድ ቀን ግን ጠብቁ። የቀለጠ ሴል ወዲያው አይሞትም። ሽፋኑ ሳይቀደድ ሞቱን ይጀምርና ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል። ሙቱን ከሕያው ለመለየት የምንጨምረው ሰማያዊ ቀለም የሚያየው ሽፋኑ የተቀደደውን ብቻ ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሙሌት መሐል ማሽኑ ተደናቀፈና የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ብልቃጦች ቆዩ። ስንቱን ደቂቃ እንደቆዩ የጻፈ የለም። ስናቀልጣቸው የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም 88 በመቶ አሉን፤ ተደስተን ወደ ቤት ሄድን። በማግስቱ ሳህኖቹን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግናቸው። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ሴሎች ተጣብቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው ሳህኑን ሸፍነውታል። የመጨረሻዋ ሳህን ላይ አብዛኞቹ ክብ ሆነው ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።